ልጆቻችን የሚፈርሙት ዕዳ
(ስለ ከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ለዘጌ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመስጊዳችን ኮሚቴ ስለ ትምህርት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ፣ እኔ ብዙ ስለማይወራለት አንድ ወረቀት መናገርን መረጥሁ። ይህ ወረቀት አንድ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል ነው። ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» እያሉ ይጠሩታል። ልጁ በምዝገባው ግርግር መካከል ፎቶግራፉን ለጥፎ፣ ስሙን ከነአያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ሞልቶ፣ ብዙውን ጊዜም ሳያነበው ይፈርመዋል። ወላጁ ደግሞ ጨርሶ አያየውም። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ልጁ ተመርቆ ዋናውን ዲግሪውን ሲጠይቅ፣ ያ የተረሳ ወረቀት ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ወረቀት ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ይሰማል። አንደኛው «መንግሥት በነፃ ያስተምራል፤ ፊርማው ለወጉ ያህል ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ልጄ ገና በልጅነቱ ዕዳ ውስጥ ሊገባ ነው» ብሎ የሚሸበረው ነው። በዚህ ፍርሃት የተነሣ «ይቅርብን» የሚል ወላጅ እንዳይኖር እሰጋለሁ፤ ነገሩ ወደ ሴት ልጅ ሲመጣ ደግሞ «ይቅርባት» ማለት ይቀላልና ስጋቴ ይብሳል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ትክክል አይደሉም። ፊርማው እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ነገር ግን ቤት የሚያፈርስ ዕዳ አይደለም። መጠኑን ያወቀ፣ ወረቀቱን የጠበቀና ገቢ ሲያገኝ የከፈለ ሰው አይጎዳበትም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ለሃምሳ ዓመታት ያህል፣ በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የገባ የቀን ተማሪ በአብዛኛው በሕዝብ ወጪ ይማር ነበር። በዚያ ዘመንም ቢሆን የተማረ ሰው ለሕዝብ የሚመልሰው ነገር እንዳለበት ይታመን ነበር፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ ብዙዎቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ የተደረገው በዚሁ ሐሳብ ነው። በእኛው በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጠኑት በሕዝብ ወጪ ነው። ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያልን የምንጠራቸው እነዚህ ሁለት ግቢዎች ናቸው፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በእነርሱ ላይ ቆሞ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ተመረቀ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በሀገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። ጥቂት ሺህ ተማሪዎችን አብልቶና አሳድሮ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ታንኳ ቀዛፊውም በሚከፍሉት ግብር የጥቂት ልጆች ትምህርት ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ፍትሐዊ ነውን? የሚል ጥያቄም ተነሣ። በዚህ ምክንያት በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995፣ ከእርሱም ጋር የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ወጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በ2001 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. በሌሎች አዋጆች ተተክቷል፤ የወጪ መጋራቱ ሐሳብ ግን ቀጥሏል።

እንግዲህ ደንቡ ምን አለ? ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ተማሪው የሚጋራው ወጪ ምን ምን እንደ ሆነ ወሰነ። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ይሸከማል። የቀረው የሕዝብ ድርሻ ነው። ስለዚህ ከመምህሩ ደመወዝ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከቤተ ሙከራው ወጪ ትልቁን ክፍል አሁንም የሚከፍለው ሕዝቡ ነው።

ሁለተኛ፣ አከፋፈሉን ወሰነ። አቅም ያለው በቅድሚያ ሊከፍል ይችላል። የሌለው ግን ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ገቢ ሲያገኝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየከፈለ ይጨርሳል። ተቀጣሪ ከሆነ ቀጣሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ደንቡ ይህን ክፍያ በግብር መልክ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አሠራር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም፤ አውስትራሊያ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ተመራቂው ገቢ ሲያገኝ የሚከፍልበትን ሥርዓት ጀምራለች፤ የእኛም ከዚያ ጋር ይመሳሰላል።

ሦስተኛ፣ በመምህርነትና መንግሥት በሚወስናቸው ሌሎች ሙያዎች የሚሠለጥኑ ድርሻቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ፈቀደ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በአገልግሎት እከፍላለሁ ብሎ የገባ ሰው ያገለገለበትን ማስረጃ መያዝ አለበት። ማገልገሉን በወረቀት ያላረጋገጠ ሰው እንዳልከፈለ ሊቈጠር ይችላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ፍርሃትን የሚያስወግደው ሂሳብ ነውና። ለብዙ ጊዜ የአንድ ተማሪ የዕለት የምግብ በጀት በጣም ዝቅተኛ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። በአንድ የትምህርት ዓመት ልጁ 300 ቀን ይመገባል ብንል፣ በ22 ብር ሂሳብ ምግቡ በዓመት 6,600 ብር ነው፤ በአራት ዓመት 26,400 ብር። በ100 ብር ሂሳብ ደግሞ በዓመት 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ምግብ የተማሪው ድርሻ በሆነበት ሥርዓት የምግብ ዋጋ ሲጨምር ዕዳውም ይጨምራል። ስለዚህ «ታላቅ ወንድሜ የከፈለው ጥቂት ነበር» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ይህ ለምሳሌ ያህል የሠራሁት ሂሳብ ነው፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ትክክለኛ ቁጥር የሚገኘው ራሱ በፈረመው ቅጽ ላይ ነው።

120,000 ብር ሲባል የሚደነግጥ አባት ይኖራል። ታዲያ አከፋፈሉንም አብረን እናስላ። ልጁ ተመርቆ የወር ገቢው 10,000 ብር ቢሆን፣ አሥር በመቶው 1,000 ብር ነው። በዓመት 12,000 ይከፍላል፤ በአሥር ዓመት 120,000 ይጨርሳል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከገቢው አሥር እጅ ዘጠኙ የራሱ ነው። ደመወዙ ካደገም ቶሎ ያጠናቅቃል። ሥራ ሳያገኝ በቆየበት ወር ደግሞ ከሌለው ገቢ አሥር በመቶ የሚቈረጥ ነገር የለም።

ከእምነታችን አንጻር «ወለድ አለበትን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ያ የዑለማዎቻችን ድርሻ ነው። እኔ መናገር የምችለው የደንቡን ይዘት ነው። ዕዳው የተማሪው የወጪ ድርሻ ድምር ነው፤ ወለድ እየተባለ በየዓመቱ የሚቈለልበት ነገር የለም። ተማሪው የበላው፣ ያደረበትና የተማረበት ዋጋ ነው የሚጠየቀው።

ይህን ዕዳ በቤታችን ከምናውቃቸው ሌሎች ዕዳዎች ጋር አስተያዩት። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ መሬቱ በጫካ ቡና የተሸፈነ አገር ነው። ኑሯችን ከቡናው፣ ከጌሾው፣ ከሎሚው፣ ሐይቁን ተሻግሮ ከባሕር ዳር ጋር ከምናደርገው ንግድ ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ግን የቡና ለቀማን ጠብቆ አይመጣም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው አደጋው ያለው። ለልጁ መንገድ፣ ለልብሱ፣ ለፍራሹ ብሎ፣ ወይም «ዕዳ ይዞ ከሚማር ሁሉንም ዛሬ ልክፈልለት» ብሎ፣ ቡናውን ገና በእሸቱ ለነጋዴ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ከወለድ የማይተናነስ ኪሳራ ይደርስበታል። ከአራጣ አበዳሪ የሚበደርማ የባሰ ነው። ወለድ የሌለውንና ገቢ ሲመጣ የሚከፈለውን ዕዳ ለማስቀረት ብሎ፣ ወለድ ያለውንና ዛሬ ነገ ሳይል የሚጠይቀውን ዕዳ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የተረፈ ገንዘብ ያለው አስቀድሞ ቢከፍል መልካም ነው፤ የሌለው ግን ተበድሮ መክፈል የለበትም። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት እንደምንጠብቅ ሁሉ፣ ይህንም ዕዳ ፍሬው ሲደርስ እንከፍለዋለን።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «የተማሪ ብድር አስጨነቀን» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የእነርሱን ከእኛ ጋር እንዳታምታቱት ጥቂት ላስረዳ። አሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ብድር የጀመረችው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ነው። ያ ብድር ወለድ አለው። ለአንዳንዱ ችግረኛ ተማሪ በሚማርበት ጊዜ ወለዱን መንግሥት ይከፍልለታል፤ ለሌላው ግን ወለዱ መቈጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ነው። በወላጁ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ሊበደር የሚችለው እስከ 5,500 ዶላር ሲሆን፣ አይበቃም ሲባል ወላጅ በራሱ ስም የሚበደረው ሌላ ብድር አለ። ይህኛው የወላጁ ዕዳ ነው፤ ልጁ ቢመረቅም ባይመረቅም የሚጠየቀው ወላጁ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ ወንድማችን ወይም እኅታችን ስለ ልጁ ትምህርት ሲያማክራችሁ፣ «በማን ስም ነው? ወለዱስ መቼ ይጀምራል?» ብላችሁ ጠይቁት። በእኛ አገር ግን የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ ዕዳውም የራሱ የተማሪው ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስና ምክሬን በተራ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ምክሬ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቅጹ ተማሪው የሚፈልገውን አገልግሎት ይጠይቃል፤ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይስ ሁለቱንም፤ በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ። ባሕር ዳር ተመድቦ ከአክስቱ ወይም ከአጎቱ ቤት እየተመላለሰ የሚማር ልጅ የማይተኛበትን አልጋ ለምን ይፈርማል? በጥሬ ገንዘብ የሚቀበልም የሚቀበለው ስጦታ እንዳይመስለው፤ በየወሩ በእጁ የሚገባው የምግብ ገንዘብ ነገ የሚከፍለው ነው። ባልባሌ ነገር ያጠፋው እንደ ሆነ የሚያጠፋው የገዛ ደመወዙን ነው።

ሁለተኛው፣ የፈረማችሁትን ቅጂ ያዙ። ቅጹ የሚሞላው በየትምህርት ዓመቱ ስለሆነ፣ በአራት ዓመት አራት ወረቀት ይኖራል። እኛ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ምክንያት ልናቀርብ አንችልም። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ወላጆች፣ የቤታችሁን ሰነድ በምታኖሩበት ሣጥን ውስጥ የልጃችሁን ቅጽ ቅጂ አኑሩ። ዶርም ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት በየዓመቱ መኝታ ክፍል ሲቀየር ይጠፋል።

ሦስተኛው፣ ስማችሁን በትክክል አስሞሉ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ እየተባለ በየሰነዱ በተለያየ ፊደል የሚጻፍ ስም በኋላ ጣጣ ያመጣል። በመታወቂያው፣ በትምህርት ማስረጃውና በወጪ መጋራት ቅጹ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን።

አራተኛው፣ ትምህርት የሚያቋርጥ ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ ሳይሰናበት አይሂድ። ቅጹ ተማሪው ያቋረጠበት ወይም የተዛወረበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለው። በመጋቢት አቋርጦ ወደ ቤቱ የመጣ ልጅ ያ ቀን ካልተመዘገበለት፣ እስከ ሰኔ እንደ በላና እንደ ተኛ ተደርጎ ሊታሰብበት ይችላል። በጸጥታ ችግር ትምህርት በሚቋረጥበት ጊዜማ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አምስተኛው፣ ሥራ ስትይዙ ለቀጣሪያችሁ ዕዳ እንዳለባችሁ ራሳችሁ ንገሩ፤ ከደመወዛችሁ የተቈረጠውንም በየጊዜው ጠይቁ፤ ደረሰኙን ያዙ። በግል ሥራ የተሠማራ ሰው ቀጣሪ ስለሌለው ራሱ ቀርቦ መክፈል ይገባዋል። በየዩኒቨርሲቲው የተለመደው አሠራር ለተመራቂው ጊዜያዊ ማስረጃ ሰጥቶ፣ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊውን የውጤት ማስረጃ ዕዳው መጠናቀቁ ሲረጋገጥ መስጠት ነው። ታዲያ ብዙ ወጣት ለዓመታት ዝም ብሎ ኖሮ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ዕድል ሲያገኝ፣ ሙሉውን ዕዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመክፈል ዘመድ አዝማድ ያስቸግራል። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢከፍል ኖሮ ያልታወቀው ዕዳ፣ ተከማችቶ ሲመጣ ተራራ ይሆናል።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ መግባት ዛሬ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ይህን ነጥብ ሳያገኝ ቀርቷል። በክልላችን ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ለዩኒቨርሲቲ የበቃ ልጅ፣ በተለይም ይህን ሁሉ አልፋ የበቃች ልጅ፣ በአንድ ወረቀት ፍርሃት ከደጃፍ ብትመለስ ታላቅ ጥፋት ነው። ዕዳው ከገቢዋ ላይ አሥር በመቶ ነው፤ አለመማር ግን ዕድሜ ልክ የሚያስከፍል ዕዳ ነው። እንዲያውም መንግሥት ከሚያበድረው ይልቅ ልጆችን የሚያስቸግረው እርሱ የማይሸፍነው ነው፤ የመንገዱ፣ የልብሱ፣ የደብተሩ፣ የሳሙናው። ኮሚቴያችንም፣ ዕድራችንም፣ ዕቁባችንም ልንረዳ ብናስብ ልንረዳ የሚገባን በዚህ ነው። አሥር ሰዎች ተሰባስበው ለአንዲት ችግረኛ ተማሪ የደርሶ መልስ መንገዷን ቢሸፍኑ፣ አባቷ ቡናውን በእሸቱ ከመሸጥ ይድናል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። ይህን ገንዘብ ያበደራችሁ በሩቅ ያለ መንግሥት ብቻ አይምሰላችሁ። የከፈለላችሁ እናቱ ልጇን ዩኒቨርሲቲ መላክ ያልቻለች፣ በታንኳ እንጨት ጭና ባሕር ዳር ወርዳ የምትሸጥ እኅታችሁ ናት፤ በምትገዛው ሳሙናና ስኳር ላይ ግብር ትከፍላለችና። «መንግሥት አያየኝም» ብሎ ከዕዳው የሚሸሽ ሰው የሚሸሸው ከእርሷ ነው። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ወንበር የሚያገኘውም እናንተ በምትመልሱት ነው። ዕዳን መክፈል አደራን መመለስ ነው፤ አደራ ምን እንደ ሆነ ደግሞ በዚህ መስጊድ ውስጥ ላደገ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ደንብ ይሻሻላል፤ ቁጥሩም በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ዛሬ የሰማችሁትን ይዛችሁ በምትመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቀርባችሁ የዓመቱን ድርሻችሁን በቁጥር ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳያውቁ ፈርሞ በኋላ ማማረር ነው።

አላህ ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን፤ ተምረው ራሳቸውንም ወገናቸውንም የሚጠቅሙ፣ ዕዳቸውንም የሚከፍሉ ያድርግልን።